የወፍጮ ቤቱ ኩርባ ሰሌዳ

ጋሽ መዶሻ ቀናተኛ ሰው ነው። ይህን ማለት ሐሜት አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። ሌላው ሰው በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በወንድሙ ደሞዝ ይቀናል፣ ራሰ በራው ጸጉራሙን አይቶ ይቀናል። ጋሽ መዶሻ በእነዚህ ሁሉ ደንታ የለውም። የሚቀናው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሐዲድ። ከከተማው ጣቢያ ተነስቶ፣ በወፍጮ ቤቱ ስር ዞሮ፣ እስከ ክልሉ ወሰን የሚዘረጋውን መስመር ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያየው ካገኘ፣ ሚስቱን የጠቀሱበት ያህል ደሙ ይፈላል።

ስሙ የወጣለት ከእጁ ከማይለየው፣ እጀታው ከረዘመው መዶሻ ነው። ሥራው የክልሉ የባቡር ደህንነት ተቆጣጣሪ ነው። በየጠዋቱ ሐዲዱን እየተከተለ በእግሩ ይሄዳል፤ ሁለት ሐዲድ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ቆም ይልና ማያያዣውን ብረት ኳ ያደርገዋል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ስንጥቅ የገባበት ወይም ቡሎኑ የላላበት ብረት ግን አፉን ሞልቶ እንደሚያወራ ሰው ያጉረመርማል። ጋሽ መዶሻ እንዲህ ያለ ጉድለት ሲያገኝ ከኪሱ ቢጫ ቀለም አውጥቶ ይቀባዋል። ቢጫ የክልሉ ቀለም ነው፤ ሰማያዊ የፌደራሉ። በዚህ ሙያ ቀድሞ የቀባ ሰው የጉድለቱ ባለቤት እሱ ነው፤ ሪፖርቱን የሚጽፈው እሱ፣ ጉዳዩን ዳር የሚያደርሰው እሱ። አንዱ በቀባው ላይ ሌላው ደርቦ መቀባት ትልቅ ነውር ነው።

ከመስመሩ ሁሉ አብልጦ የሚወደው የወፍጮ ቤቱን ኩርባ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ክረምት ከበጋ ውሃ እየሰረገ ከሐዲዱ ስር ያለውን አፈር ያላላዋል። ጋሽ መዶሻ ይህን በጎልማሳነቱ አይቶ፣ የክልሉን ቢሮ ደጅ ጠንቶ፣ ተለማምጦ፣ ተጣልቶ፣ በመጨረሻ ደንብ አስወጣ፤ ማንኛውም ባቡር በዚህ ኩርባ ላይ በእግረኛ ፍጥነት ይለፍ የሚል። ለሰሌዳው ጠንካራ ጣውላ መርጦ አስቆረጠ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናትና ፊደሎቹን ልክ እንደ ልብስ ቅድ በካርቶን ቆርጣ ሰጠችው፤ እሱም በላያቸው ቀለም ቀባ። «ቀስ በል። በክልሉ ደንብ።» ጉድጓዱን ቆፍሮ የተከለውም ራሱ ነው። ባቡር ሰሌዳው ጋ ደርሶ ፍጥነቱን ቀንሶ ሲለዝብ ባየ ቁጥር፣ ባቡሩ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ያለው ይመስለው ነበር።

ከዚያ የፌደራሉ ሕግ መጣ። ሕጉ ክፉ አልነበረም። ባቡር ከክልል ወደ ክልል ሲሻገር ደንብ እየተለዋወጠበት ነጂው መከራውን ያይ ነበር፤ እዚህ ፊሽካ ንፋ፣ እዚያ ዝም በል፣ እዚህ ሩጥ፣ እዚያ ዳዴ በል። ስለዚህ የባቡር ደህንነት ደንብ በአገሩ ሁሉ አንድ ይሁን፣ ፌደራሉ ደንብ ባወጣበት ጉዳይ ክልል የራሱን አያውጣ ተባለ። ፌደራሉ ደግሞ ስለ ኩርባ ፍጥነት ደንብ ነበረው፤ በዚያ ደንብ ዓይን የወፍጮ ቤቱ ኩርባ እንደማንኛውም ኩርባ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ሠራተኞች ዲጂኖ ይዘው መጡና ሰሌዳውን ነቀሉት። ጋሽ መዶሻ ቆሞ አየ። ሲጨርሱ ሰሌዳውን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ጣውላው ደህና መሆኑን አይታ እግር አስመታችለትና የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ አደረገችው። ፊደሎቹ ወደ ታች ተደፍተዋል። ጋሽ መዶሻ የወደቀባትን መርፌ ሊያነሳ ጎንበስ ባለ ቁጥር ያነባቸዋል።

በሕጉ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ነበረች። የአንድ ቦታ አደጋ የዚያ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ የክልሉም ደንብ ከፌደራሉ ጋር የማይጋጭ ከሆነ፣ ክልሉ ጠይቆ የራሱን ጠበቅ ያለ ደንብ ማቆም ይችላል። ጋሽ መዶሻ ይህን አንቀጽ በቃሉ ይወጣዋል። ጽፎ በላከ ቁጥር ግን «ማስረጃ ይጨመርበት» ተብሎ ይመለስለታል። ማስረጃ ማለት የታመመ ብረት ነው። እሱ ደግሞ ኩርባውን እንደ ዓይኑ ብሌን ስለሚጠብቀው እዚያ ያለ ብረት ታሞ አያውቅም። ሥራውን ትንሽ ቢበድል ኖሮ ሰሌዳውን ያገኝ ነበር።

ቅናቱ ላይ ነዳጅ ያፈሰሰችው ግን ሚጢ ናት። ሚጢ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። እናቷ ስትሞት ገና ጥርሷን ሳትቀይር መጥታ እነሱ ቤት አደገች። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውምና ሁለቱም ተንሰፈሰፉላት። መዶሻ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ጤነኛውን ብረት ከታመመው በድምፅ እንድትለይ ያደረጋት እሱ ነው። ካደገች በኋላ ፌደራሉ ለተቆጣጣሪነት ፈተና ሲያወጣ ሁለቱም አንድ ክፍል ተቀምጠው ተፈተኑ። እሷ አለፈች፤ እሱ ወደቀ። ያን ቀን ሚስቱ እያለቀሰች ሚጢን አቅፋ ስትስም፣ እሱ ጥግ ይዞ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይል ነበር፤ ፊቱ እየሳቀ አንጀቱ እያረረ። እሱን «አይዞህ» ያለው ሰው አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ከፌደራሉ መልእክት የመጣው። የክልሉ የሐዲድ ቁጥጥር ሊመዘን ነው፤ መዛኟ ሚጢ ናት፤ ሰኞ ትገባለች፤ ዓርብ በጣቢያው አዳራሽ ስብሰባ አለ። ሚስቱ በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች።

«ሰማህ? ሚጢዬ ልትመጣ እኮ ነው! ያችን ትንሿን ክፍል ቀለም ቀባልኝ።»

«ፌደራል ሆቴል አይከፍልላትም እንዴ?»

«ምን አልክ?»

«ኧረ ምንም። ምን ዓይነት ቀለም ይሁን ነው ያልኩሽ።»

«ሰማያዊ አድርግላት፤ ትወዳለች።»

ሰማያዊ! በገዛ ቤቱ! ጋሽ መዶሻ ሱቅ ደርሶ ተመለሰና ሰማያዊው አልቋል አለ። ክፍሏን ከወለል እስከ ኮርኒስ ቢጫ ቀባት።

እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ሲያርፍ እሱ መዶሻውን ይዞ ወጣ። እንግዳ ሳይመጣ ቤቷን እንደምትጠርግ ሴት መስመሩን ሊያጸዳ ነው፤ ሚጢ አንዲት የላላች ዳዶ እንኳ እንዳታገኝበት። ሁሉም ደህና ነበር። የወፍጮ ቤቱ ኩርባ ላይ ደርሶ በውጭ በኩል ያለውን ማያያዣ ብረት ኳ ሲያደርገው ግን ብረቱ አጉረመረመ። ደገመው። አሁንም አጉረመረመ። ተንበርክኮ በጣቱ ዳበሰው። በሁለቱ ቡሎኖች መሃል ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ወርዳለች። ከስሯ ያለው አፈር ረጥቦ ለስልሷል።

ይህች ስንጥቅ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኛት የኖረው ማስረጃ ናት። ያኔውኑ ቢጫውን ቀብቶ፣ ሪፖርቱን ጽፎ ቢልክ፣ ሰሌዳው ከሚስቱ ጨርቅ ስር ወጥቶ ወደ ቦታው የሚመለስበት በር ተከፈተ ማለት ነው። ቀለሙንም ከኪሱ አወጣ፤ ክዳኑንም ከፈተ። ከዚያ ሚጢ ትዝ አለችው። ነገ በዚህ ታልፋለች። ታገኘው ይሆን? ባታገኘውስ? የጣቢያው ኃላፊ፣ የጥገናው ካቦ፣ ነጂዎቹ በሙሉ በተሰበሰቡበት፣ ዓርብ ዕለት፣ ብድግ ብሎ «እመቤት ኢንስፔክተር፣ አንድ ያመለጠዎት ነገር አለ» ቢላትስ! የአዳራሹን ጸጥታ ገና ካሁኑ ሰማው። ሚስቱም ስትሰማ የምታሳየው ፊት ታየው። ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

ሰበብ ደግሞ አላጣም። ስንጥቋ ጀማሪ ናት፤ እስከ ዓርብ የትም አትደርስም፤ በየጠዋቱ እየመጣ ያያታል፤ ትንሽ ከሰፋች ወዲያው ይቀባታል። ሰው ራሱን ሲያታልል ምላሱ እንዴት ይቀናዋል!

ሰኞ ሚጢ በፌደራሉ መኪና መጣች። ጫማዋ አዲስ፣ ሰደርያዋ ላይ የፌደራሉ ምልክት። ገና ከመኪናው ሳትወርድ «ጋሼ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ኧረ ጋሼ፣ ምንም አላረጁም እኮ!» እሱም «ደህና ነሽ ወይ» ብሎ ጀርባዋን መታ መታ አደረገ፤ ዓይኑ ግን ወገቧ ላይ በተንጠለጠለችው ሰማያዊ ቀለም ላይ ነበር።

አብረው መስመሩን ያዙ። እሷ ትመታለች፣ እሱ ያዳምጣል። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ጋሽ መዶሻ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ሚጢ ብረቱን ኳ አደረገችው። ቆመች። ወደ ጉብታው አየች፣ ወደ እርጥቡ አፈር አየች፣ ወደ እሱ አየች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሰሌዳ ነበረዎት አይደል?»

«ነበረኝ። ነቀላችሁት እንጂ።»

«እኔ እኮ አልነበርኩም።»

«ያው ነው። ፌደራል ፌደራል ነው።»

ሚጢ ፈገግ አለች። «እሺ፣ ዛሬስ ስለዚህ ኩርባ የሚሉኝ ነገር የለም?»

«ምን እላለሁ? መዛኟ አንቺ፤ ያየሽውን አንቺው ንገሪኝ እንጂ።»

ሚጢ መዶሻዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። ሰማያዊ ቀለሟን አልነካችም። ጋሽ መዶሻ ከኋላዋ ሲከተል አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። አላየችውም! ያ ሁሉ ጫማ፣ ያ ሁሉ ምልክት፣ ያ ሁሉ ፈተና፤ አላየችውም!

በዚያ ምሽት ሚስቱ ሾርባውን ስትቀዳ ስጋ ያለበትን ለሚጢ፣ ድንቹን ለእሱ አደረገች። የፌደራሉን ሰደርያ ጠረጴዛው ላይ፣ በእሱ ሰሌዳ ጀርባ ላይ ዘርግታ እንደ ሙሽራ ልብስ ተኮሰችው። የእሱ ካፖርት አንድ ቁልፉ ከወደቀ ስንት ጊዜው! ሌላ ቀን ቢሆን ጨጓራው ይላጥ ነበር። ያን ቀን ግን ድንቹን እያላመጠ ለብቻው ፈገግ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ጨርቅ ልትገዛ ወደሚቀጥለው ከተማ እንደምትሄድ ነገረችው። የምትሄደው በባቡር ነው። ባቡሩ የሚያልፈው በኩርባው ነው። ጋሽ መዶሻ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ዛሬ ባትሄጂስ?»

«ለምን?»

«ደመና ነው።»

«ባቡሩ ጣሪያ የለውም እንዴ?» ብላ ሳቀችበት።

ንገራት፣ ንገራት ይለዋል ልቡ። ምን ብሎ ይንገራት? ቢነግራት ለሚጢ ትነግራለች፤ ሚጢ ሰማያዊዋን ቀብታ ትገላገላለች፤ ዓርብ ቀረ ማለት ነው። ቦርሳዋን ተሸክሞ ጣቢያ ድረስ ሸኛት። ወንበሯን ፈልጎ አስቀመጣት። ከዚያ በወፍጮ ቤቱ ግቢ በኩል ባለው አቋራጭ፣ በዚያ ዕድሜው፣ እየወደቀ እየተነሳ ወደ ኩርባው ሮጠ። ምን ሊያደርግ? ብረቱን በእጁ ሊይዘው? ብቻ ሮጠ።

ሲደርስ ባቡሩ እየመጣ ነበር። ጋሽ መዶሻ ከሐዲዱ ዳር ቆመ። ባቡሩም ኩርባው አፍ ላይ ሲደርስ ለዘበ፤ ፍሬኑ ሲጥ አለ፤ እንደ እግረኛ ቀስ እያለ ስንጥቋ ላይ አለፈ። ሚስቱ በመስኮት አየችውና እጇን አወዛወዘችለት። እሱም አወዛወዘ። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

ላቡን ሲጠርግ ግን አንድ ሐሳብ መጣለት። ባቡሩ ለምን ለዘበ? የፌደራሉ ደንብ እዚህ ላይ ቀስ በሉ አይልም። ገባው! ነጂዎቹ የእሱን ሰሌዳ አልረሱትም! እንጨቱ ቢነቀልም ደንቡ ልባቸው ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል! በእርግጥ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት እንዲህ ሲለዝቡ አይቷቸው አያውቅም፤ ግን ደስታው ይህን እንዲያስብ ጊዜ አልሰጠውም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተነስቶ ቢጫውን አወጣ፤ አሁንስ በቃ፣ እቀባዋለሁ አለ። ይህን ጊዜ ራቅ ብሎ ሚጢና የጥገናው ካቦ ቆመው ሲነጋገሩ አየ። ካቦው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ያ ካቦ ለጋሽ መዶሻ ኮፍያውን አውልቆ አያውቅም፤ አንድ ቀንም። ቢጫው ተመልሶ ኪስ ገባ።

ረቡዕ እንደዚሁ አለፈ። ጋሽ መዶሻ ኩርባው ላይ ቆሞ የሚያልፉትን ባቡሮች እንደ ጄኔራል ተቀበላቸው፤ ሁሉም ለዘቡለት። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጣቢያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ሲገባ አንጋፋውን ባቡር ነጂ ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። የልቡን ሊነግረው ፈለገ።

«አንተ ሰው፣ ተባረክ» አለው ትከሻውን ይዞ። «ሰሌዳዬን አልረሳህም።»

«የቱን ሰሌዳ ጋሽ መዶሻ?»

«የኩርባዋን ነዋ! ይኸው በየቀኑ ቀስ እያልክ ታልፍ የለም እንዴ?»

«እሱማ የኢንስፔክተሯ ትእዛዝ ነው እኮ» አለ ነጂው ስኳሩን እያማሰለ። «ሰኞ ከሰዓት ሰብስባ ነገረችን። እዚያ ጋ ማያያዣው ብረት ተሰንጥቋል፣ ጋሼ ሪፖርታቸውን እስኪያስገቡ በእግረኛ ፍጥነት እለፉ ብላ። ካቦውንም ብረቱን በዓይንህ እየጠበቅህ ቆይ፣ ቀለም ግን እንዳታስነካ አለችው። እርስዎ አያውቁም እንዴ?»

ጋሽ መዶሻ «አውቃለሁ እንጂ» አለ። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።» ሻዩን ሳያዝ ወጣ።

አይታዋለች። ሰኞ፣ ፊቱ ቆማ፣ አይታዋለች። ያ ሁሉ የረቡዕ ሰላምታ የእሷ ነበር። ነጂዎቹ ለእሱ አልለዘቡም፤ ለእሷ ነው የለዘቡት። መንገዱን እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። ቅናት ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አቃጥሎታል፤ ያን ቀን ግን አንገበገበው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ከማክሰኞው ጨርቅ ቀሚስ ትሰፋለች። ሚጢ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። ስታየው ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ነገ ስብሰባ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እስከ ዛሬ ጠበቅኩዎት።»

«ምን ጠበቅሽ?»

«ቢጫውን ነዋ። ሰኞ ልቀባው እችል ነበር። ግን እኔ ሰማያዊ ከቀባሁት ተራ የፌደራል ጥገና ይሆናል። ካቦው ብረቱን ይቀይራል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ በቃ። ይህ አደጋ የቦታው ነው፣ የራሴን ደንብ ላቁም ብሎ መጠየቅ የሚችለው ክልሉ ብቻ ነው። ፌደራል ለራሱ አቤቱታ አይጽፍም። ስለዚህ ቢጫ ይቅደም ብዬ ባቡሮቹን አዘገየሁና ተውኩት።» እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ በተደፋው ሰሌዳ ጀርባ ላይ አሳረፈች። «ይሄን ላስመልስልዎት ብዬ ነው እኮ ጋሼ። በየቀኑ ዛሬ ይጽፋሉ፣ ዛሬ ይጽፋሉ ስል…»

ጋሽ መዶሻ ሲጠላት የከረመው ሰሌዳውን በእጇ ይዛ ስትጠብቀው ነው። አሁን ምን ይበል? አየሁት ካለ፣ ታዲያ ለምን ዝም አሉ ሊባል ነው። ጉድለት አይቶ መደበቅ ደግሞ በዚህ ሥራ ይቅርታ የለውም፤ መዶሻ ያስጥላል። አላየሁትም ካለ ግን ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ሄዶ ይቀባዋል፣ ሰሌዳውን ያገኛል፣ ሥራውም አይነካም። ማንም አያውቅበትም።

ሚጢም ይህንኑ መንገድ በደግነት ከፈተችለት።

«ምናልባት አላዩት ይሆናል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምንም አይደለም እኮ ጋሼ። ስንጥቋ በጣም ቀጭን ናት። ዕድሜ ሲገፋ ዓይንም ይደክማል፣ ጆሮም…»

«አላየሁትም?» አለ ጋሽ መዶሻ። ድምፁ ጣሪያውን ነካ። «እኔ? እኔ ነኝ አላየሁትም የምባለው? እሁድ ነው ያየሁት! ሰማሽ? አንቺ ሰኞ፣ እኔ እሁድ! ባንድ ቀን ነው የቀደምኩሽ!»

ጣቱን ቀስሮ ቆመ። ለአንድ አፍታ ያሸነፈ መሰለው። እንዲያውም ሊስቅ ምንም አልቀረው።

የስፌት መኪናው ጸጥ አለ። ሚስቱ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንስታለች።

«እሁድ?» አለች።

ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ማክሰኞ ቦርሳዬን ይዘህ የሸኘኸኝ አንተ አይደለህም? ወንበር ፈልገህ ያስቀመጥከኝ?»

«እኔ እኮ… ሮጬ ሄጄ…»

«ደመና ነው አልከኝ እኮ» አለች። አልጮኸችም። በእጇ የያዘችውን ጨርቅ፣ ያን የማክሰኞውን ጨርቅ፣ አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው። «ደመና ነው አልከኝ።»

ጋሽ መዶሻ የቀሰረውን ጣት የሚያደርግበት አጣ። እየቀና ስንት ዓመት ሲኖር በገዛ ራሱ አፍሮ አያውቅም ነበር። ያን ቀን አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ሚጢ ተነስታ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቱ አስቀመጠች። እሷም ፊቷ አመድ መስሏል። «ይጻፉት ጋሼ» አለች። «ቀኑንም እርስዎ ያውቃሉ።» ከዚያ ወደ ቢጫዋ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ሐሙስ ብሎ ቢጽፍ ወጥታ እንደማታርመው ገብቶታል። እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ እሁድ ብሎ ጻፈ። ለእውነት ብሎ ይሁን ለሰኞ ላለመሸነፍ ብሎ፣ እሱም ራሱ ለይቶ አያውቅም።

ዓርብ ማለዳ ኩርባው ጋ ሄዶ ቢጫውን ቀባ። በስብሰባው ሪፖርቱ ተነበበ፤ ካቦውም ብረቱን በዚያው ቀን ቀየረው። የክልሉ ቢሮ ብዙ አልቆየም፤ ጋሽ መዶሻ መዶሻውን እንዲያስረክብ ታዘዘ። የክልሉ ጥያቄም ከነማስረጃው ወደ ፌደራሉ ሄዶ ተፈቀደ። ጠረጴዛውን ገልብጣ እግሮቹን የነቀለችው ሚስቱ ናት። ሰሌዳውን አቧራውን ጠርጋ ለመጡት ሠራተኞች ሰጠች፤ ከዚያ በኋላ ጨርቋን ወለል ላይ ተንበርክካ ትቆርጥ ጀመር። አዲስ ጠረጴዛ ልሥራልሽ ቢላት «ተወው» አለችው። ከ«ራት ቀርቧል»ና ከ«በሩን ዝጋው» በቀር የምታናግረው ነገር አልነበረም። ጨርቅ ልትገዛ ስትሄድም ቦርሳዋን ራሷ ትይዛለች።

ቀናተኛ ሰው ግን በአንድ ጊዜ አይድንም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ማክሰኞ ሳትጠራው ተከትሏት ባቡር ላይ ወጣ። እሷም ውረድ አላለችውም። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ባቡሩ ኩርባው ላይ ለዘበ፤ ሰሌዳው በመስኮቱ አጠገብ ቀስ ብሎ አለፈ። ቀለሙ ታድሷል፤ ፊደሎቹ ግን እነዚያው በሚስቱ ካርቶን የተቀዱት ናቸው።

ከጎኑ የተቀመጠ መንገደኛ ለጓደኛው «ይችን ሰሌዳ ያስተከለቻት የፌደራሏ ኢንስፔክተር ናት አሉ» አለ። «ስንጥቁን ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ሌላ ማንም አላየውም ነበር። ጎበዝ ልጅ ናት።»

የጋሽ መዶሻ ጆሮ ቀላ። አፉ ተከፈተ። እሁድ የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ቀና ሲል ሚስቱ ሰሌዳውን ሳይሆን እሱን እያየች ነው።

«አዎ» አለ ወደ መንገደኛው ዞሮ። «ጎበዝ ልጅ ናት። ቀድማ አየችው።»

ባቡሩ ኩርባውን ጨርሶ መሮጥ ጀመረ። ሚስቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ስታይ ቆየች። ከዚያ ጭኗ ላይ የነበረውን ቦርሳ አነሳችና የእሱ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ያዝልኝ» አለችው።